ሞባይል በሰው መካከል



ባለፈው የመምህራን ስብሰባ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የተከራከርነው በሞባይል ጉዳይ ነበር። ግማሾቻችን «ተማሪ ስልኩን በር ላይ አጥፍቶ ይግባ» አሉ፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ይሄ በእኛ ሁኔታ አይሆንም» አልን። እኔ ከሁለተኛው ወገን ስለነበርኩ «እንግዲያው ምክንያትህን ለጋዜጣችን ጻፍልን» ተባልኩ። የሞባይል ጠበቃ ሆኜ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። በትምህርት መሀል ስልክ ሲጮህ እንደ እኔ የሚናደድ ሰው በካምፓችን ያለ አይመስለኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በ2017 ካርቱም ውስጥ፣ ጅሬፍ ሰፈር በተከራየነው ግቢ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ጠዋት በሰው ቤት ሲሠሩ የሚያረፍዱ ሴቶች ነበሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ሲጮህ ይውላል፤ በዚያ ላይ በየአምስት ደቂቃው የአንዷ ስልክ ይዘፍናል። ስለዚህ አንድ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣሁና ደንብ አወጣሁ፦ ሁሉም ስልኩን አጥፍቶ ቆርቆሮው ውስጥ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይወስዳል። ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

አንዲት ተማሪዬ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ከአራቱ የሚሠራ ስልክ የነበራት እሷ ብቻ ናት፤ ቁልፎቿ የተፋቁ ትንሽ ኖኪያ። አብራት የምትኖረው ሴት ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ስታስገባ የሞላችው ስልክ ቁጥር የተማሪዬን ነበር። ወራት ጠበቀች። በመጨረሻ ሄዳ ስትጠይቅ «ደውለንልሽ ነበር፣ ሁለት ጊዜ፤ ስልክሽ ዝግ ነው» አሏት። ቀኑንና ሰዓቱን ከመዝገብ አይተው ነገሯት። የእኔ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሌላ ቀጠሮ ያገኘችው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ተማሪዬ ልትወቅሰኝ አልመጣችም። ትምህርት ካለቀ በኋላ ቆማ ጠብቃኝ «ቲቸር፣ ስልኩ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ዛሬ አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ስልክ ይጥፋ» የሚል ደንብ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ያቺ ቆርቆሮ ትታየኛለች።

እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። በሰው መካከል የሚደወል ስልክ ሌላውን ይህን ያህል የሚያውከው ለምንድን ነው? ደግሞስ መነሳት ያለበትን ጥሪ ሳናጣ የቀረውን እንዴት እናስታግሳለን?

የሌላ ሰው ስልክ ለምን ያናድዳል?

ካርቱም የኖራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከጅሬፍ ወደ ሱቅ አረቢ በሚሄደው ሃፍላ ላይ ሃያ ሰው አብሮ ቢያወራ ያንቀላፋ ሰው አይነቃም። አንድ ሰው ብቻ ስልክ ሲያነሳ ግን አውቶቡሱ ሁሉ ጆሮ ይሆናል። «እ? … መቼ? … እና እሷ ምን አለች? … ኧረ ባክህ!» ከፊትህ የተቀመጠው ሰውዬ ጉዳዩ ምንህም አይደለም፤ ሆኖም እሷ ያለችውን ሳትሰማ መውረድህ ይቆጭሃል።

ይህ የእኛ ወሬ ወዳድነት ብቻ አይደለም። ሎረን ኤምበርሰን የተባለች ተመራማሪ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ሙከራ ሠርታ በ2010 አሳትማለች። ሰዎችን ኮምፒዩተር ላይ ትኩረት የሚፈልግ ሥራ እያሠሩ ንግግር አሰሟቸው፤ አንዳንድ ጊዜ የሁለቱንም ተነጋጋሪዎች ድምፅ፣ አንዳንድ ጊዜ የአንዱን ብቻ። ሥራቸው ጎልቶ የተበላሸው የአንዱን ብቻ ሲሰሙ ነው። ምክንያቱም አእምሯችን የሚቀጥለውን ቃል አስቀድሞ የመገመት ልማድ አለው። ሁለቱንም ወገን ከሰማ ግምቱ ይያዝለታል፤ ግማሹን ብቻ ሲሰማ ግን ባዶውን ቦታ ለመሙላት ሳይወድ በግድ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ተማሪ «እኔ አልሰማሁትም፣ ወደ ሰሌዳው ነበር የማየው» ቢላችሁ እመኑት፤ ቢሆንም ትምህርቱ አምልጦታል።

ሁለተኛው ነገር ጩኸቱ ነው። በስልክ ስናወራ ለምን እንጮሃለን? አንዳንዱ ሰው አገር ቤት ሲደውል በርቀቱ ልክ የሚጮህ ይመስላል፤ ጎንደር ትንሽ፣ አዲስ አበባ ጨመር አድርጎ፣ አሜሪካ ደግሞ በሙሉ ጉሮሮው። ቀልዱን ትተን፣ ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም በ1911 ያሳተመው ግኝት አለ። ሰው በዙሪያው ጫጫታ ሲኖር ወይም የራሱን ድምፅ በደንብ መስማት ሲያቅተው፣ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሃፍላው ውስጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ አንዱ ጆሮ በስልኩ ተደፍኗል፤ ስለዚህ ሰውዬው ይጮሃል። መጮሁን ግን አያውቅም። «ቀስ በል» ስትሉት የሚደነግጠውም ለዚህ ነው። ሳይንስ የምታስተምሩ መምህራን በክፍል ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ አንድ ተማሪ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ አንድ አንቀጽ ያንብብ። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅ እሱ ለምን እንደሚስቁ አያውቅም።

ለእኛ ካርቱም ውስጥ ጩኸት ሌላም ዋጋ ነበረው። በሃፍላ ላይ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ጮክ ብሎ ማውራት «ሐበሻ እዚህ አለ» ብሎ ማወጅ ነው። የከሻ ወሬ በነበረባቸው ሳምንታት መታወቂያቸው ያለቀባቸው ልጆች ስልካቸው ሲጠራ ቶሎ አጥፍተው፣ ወርደው ነበር የሚደውሉት። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ከተማው «ተስዓ ጠዊላ» የሚላቸው በሞተር ሳይክል የሚነጥቁ ሌቦች በዙና፣ መንገድ ዳር ስልክ አውጥቶ ማውራት ራሱ ቀረ። እንዳያችሁት ጨዋነት አንዳንድ ጊዜ በፍርሃትም ይመጣል።

«ማን ልበል?»

እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ስልክ የነበረው አንድ ቤት ነው። ልጅ ይላክና «ከአዲስ አበባ ተደውሎላችኋል፣ መልሰው ይደውላሉ» ይባላል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሮጣ ትሄዳለች፤ ጎረቤት ቤት ቁጭ ብላ ቡና ቀርቦላት ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን ስልክ ያነሳ ሰው የሚጠይቀው «ማን ልበል?» ብሎ ነው። ቃሉን አስተውሉት። ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የተፈለገው ሌላ ነው፤ ማን ፈለገዎት ብዬ ልንገር ማለት ነው። ሞባይል ሲመጣ አንድ ስልክ ለአንድ ሰው ሆነ ተባለና «ማን ልበል?» ትርጉሙ ቀርቶ ሰላምታ ብቻ ሆነ። በእኛ በስደተኞቹ ዘንድ ግን ትርጉሙ አልቀረም። በብዙ ድንኳን አንድ ስልክ ለአምስት ለስድስት ሰው ያገለግላል። የሰው ስልክ ይዘን ስናነሳ «ማነህ?» ብሎ መጮህ ደዋዩን ማስደንገጥ ነው፤ «አቤት፣ ማን ልበል?» ብሎ ስሙን ተቀብሎ፣ ከተቻለ በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ማድረስ ግን የቆየ ጨዋነታችን ነው።

ስለ ሚስኮልም ትንሽ ልበል። በኢትዮጵያ ሞባይል የተጀመረው በ1999 ነው። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ ሴፕቴምበር 2007 ድረስ ስላልነበረ፣ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የነበርን ልጆች ሁሉን ነገር በሚስኮል ነበር የምንነጋገረው። አንድ ጊዜ ከሆነ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ቅር»። ሱዳን ስንመጣም አዲስ አልሆነብንም። ጆናታን ዶነር የተባለ ተመራማሪ ሩዋንዳ ውስጥ ይህንኑ አጥንቶ በ2007 ጽፏል። እዚያም ያገኘው ደንብ ከእኛው ጋር አንድ ነው፦ የተሻለ ገንዘብ ያለው ይደውላል፣ የሌለው ሚስኮል ያደርጋል፤ ሴት ልጅን የሚፈልግ ወንድ ግን ሚስኮል ካደረገ ራሱን አቀለለ። እኛ ደግሞ አንድ የምንጨምረው አለ። ለታላቅ ሰው፣ ለሽማግሌ፣ ለአስተማሪ ሚስኮል አይደረግም። (ተማሪዎቼ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።) ረሲድ ከሌላችሁ ከጓደኛ ተበድራችሁ ሃያ ሰከንድ ማውራት ይሻላል። ሌሊት የሚደረግ ሚስኮል ደግሞ ጨርሶ ቀልድ አይደለም። ስደተኛ በሌሊት የጮኸ ስልክ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ሞትን ነው።

ሰላምታውስ? ሱዳኖቹ «ኬፍ አል-ሃል፣ ኬፍ አል-አህል፣ ኩሉ ተማም?» ሲሉ፣ እኛም ከልጆቹ እስከ ከብቶቹ ስንጠይቅ ካርዱ ያልቃል። ይህን ቁረጡ ለማለት አልደፍርም፤ እናቴም አትሰማኝም። በሰው መካከል ስትሆኑ ግን ዋናውን ጉዳይ አስቀድሙና ሰላምታውን ከወጣችሁ በኋላ ጨርሱት። ቅር የሚለው ዘመድ አላጋጠመኝም።

መርዶ በስልክ

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ ስልክ ጨዋነት የሚጽፉ ሰዎች ስለ ጩኸትና ስለ ሙዚቃ ይጽፋሉ። ለእኛ ግን ትልቁ ጉዳይ መርዶ ነው።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይመክራል። በማለዳ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ቀድመው ይገባሉ። ልቡ ደካማ ከሆነ አጠገቡ የሚይዘው ሰው ይቀመጣል። እህል እንዲቀምስ የሚደረግበትም ቦታ አለ። ቃሉ ሲነገር ሰውየው ብቻውን አይደለም፤ ይህ ሁሉ ሥርዓት የተበጀው ለዚያ ነው።

ሞባይል ይህን በአንድ ጊዜ አፈረሰው። ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ እቃ እያጠበች ስልኳ ይጠራል፤ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ እያለቀሰ። አሠሪዎቿ ቋንቋዋን አያውቁም። ምን እንደሆነች ሳይገባቸው ሲደናገጡ፣ እሷ በሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንድ ተማሪዬ ደግሞ የአባቱን ሞት ያወቀው ፌስቡክ ላይ ነው። የአክስቱ ልጅ ፎቶውን አውጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ለጥፎታል፤ ሰዎች ከሥር ያጽናኑታል። ልጁ በአረፍት ሰዓት ስልኩን ሲከፍት አየው። ክፍል ውስጥ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳየ ሳይነግረኝ ስልኩን ዘረጋልኝ።

በጅሬፍና በዴም የነበሩ ሰዎች ቀስ በቀስ አንድ መላ ፈጠሩ። ማንም አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለባለ ጉዳዩ አይደውልም፤ አብሮት ለሚኖር ወይም በማኅበር፣ በእድር ለሚያውቀው ሰው ይደውላል። የተነገረው ሰው ሌሎቹን ይጠራል። አንዱ ሄዶ የሰውየውን ስልክ በዘዴ ይወስዳል፤ «ስልክህን አውሰኝ፣ የእኔ ረሲድ አልቋል» ይላል። ፌስቡክም እንዳይከፍት፣ ሌላም እንዳይደውልለት። ሥራ ላይ ከሆነ እስኪወጣ ይጠበቃል። ማታ ወይም በማግስቱ ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ድንኳን ባይኖርም ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ይነጠፋል። የድሮው ሥርዓት በስልክ በኩል ዞሮ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎችም ለወላጆችም አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው። ክፉ ወሬ የሰማ ሰው ለባለቤቱ አይደውል፣ ፌስቡክ ላይም ቀድሞ አይለጥፍ። አብሮት ያለ ሰው ይፈልግ። ባለቤቱ ተማሪ ከሆነ ለመምህሩ ወይም ለክፍል አለቃው ይደውል። ቁጥራችንን አገር ቤት ላሉት አስቀድማችሁ ስጡልን። እኛ መምህራን ደግሞ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰን ተማሪውን ከመሀል ክፍል ጠርተን በር ላይ አንንገረው። ትምህርቱን እንጨርስ፣ ፊታችንን እንቆጣጠር፣ ከዚያ የሰፈሩን ሰዎች እንፈልግ። ከባድ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ በሁለቱም ቀን ያስተማርኩትን አላስታውስም።

ትንንሾቹ ነገሮች

የድምፅ መልእክት ለማያነቡ እናቶቻችን ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን እናትህ የላከችልህን በሰው መካከል በስፒከር ስትከፍተው የእሷን ምስጢር ነው የምታወጣው፤ የእህትህን ጋብቻ፣ የጎረቤቷን እዳ፣ የምትፈልገውን ገንዘብ ልክ። እሷ የምታወራው ለአንተ ብቻ መስሏት ነው። በዋትስአፕ ስልኩን ጆሮህ ላይ ብታስጠጋው ድምፁ ከስፒከር ወደ ጆሮ ማዳመጫው ራሱ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

በኢሞ በምስል ስታወሩ ከኋላችሁ ያለው ሰው ሳይፈልግ እየታየ ነው። ፎቶም እንደዚያው። ካምፕ ውስጥ ፊቱ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ምክንያቱን የመንገር ግዴታ የለበትም። ሳይጠየቅ የተነሳ ሰው ፎቶው ፌስቡክ ላይ ከወጣ በኋላ «አጥፋው» ቢል ዋጋ የለውም፣ ዓለም አይቶታል።

ንዝረትን በተመለከተ ደግሞ፦ ስልክ በቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከጩኸቱ ይብሳል። ጃፓኖች ድምፅ አልባውን አሠራር «የጨዋነት አሠራር» እንደ ማለት በሚሆን ስም ይጠሩታል፤ በባቡር ውስጥም ስልክ እንዳይወራ በድምፅ ማጉያ ይለመናል። የእነሱ ባቡር ጸጥተኛ ነው አሉ። የእኛ ሃፍላ ጸጥ ቢል እኔ በበኩሌ እፈራ ነበር።

ለምን «ይጥፋ» አልልም?

የሚከለክሉት አገሮች ምክንያት አላቸው። ፈረንሳይ በ2018 በወጣ ሕግ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሞባይል ከልክላለች። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ዓመታዊ የትምህርት ሪፖርት ከአራት አገሮች ከአንድ ያነሱት ስማርት ስልክን በትምህርት ቤት እንደሚከለክሉ ገልጿል፤ ትኩረቱ የተሰረቀ ተማሪም ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ ሃያ ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጠቅሷል። ክፍለ ጊዜያችን አርባ ደቂቃ ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው።

ነገር ግን ከፈረንሳይ ልጅ ስልክ ወዲያ ማዶ ያለችው እናት ማታ ቤት ትጠብቀዋለች። የእኛ ተማሪ ስልክ ማዶ ማን እንዳለ አስቡ። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። በመቀሌ መስመሩ ለጊዜው ተመልሶ እንደገና ከተቋረጠ በኋላ ዳግም የተከፈተው በ2022 መጨረሻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ክፍል የተቀመጠ ልጅ አስተምሬአለሁ። ከዚያ በኤፕሪል 2023 ካርቱም ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። ከዚያ የወጣን ሰዎች እርስ በርስ የተፈላለግነው በዚችው ስልክ ነው፤ የደረሰውና ያልደረሰው የታወቀው በእሷ ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በሱዳን ሦስቱም መስመሮች፣ ዘይንም ኤም ቲ ኤንም ሱዳኒም፣ ተቋረጡ። አንዱ በሳምንታት ውስጥ በአንዳንድ ከተሞች ሲመለስ ሌላው ቦታ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሰዎች የስታርሊንክ ሰሃን ባለበት ግቢ ተሰልፈው፣ በሰዓት ከፍለው፣ ሠላሳ ሰው በአንድ አጥር ውስጥ እየጮኸ ከዘመዱ ጋር ያወራ ነበር። በዚያ ቦታ «ቀስ በሉ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ሁሉም የሚሰማውን ላለመስማት ወደ መሬት ያያል። ያም ጨዋነት ነው።

እና ይህን ሁሉ ያለፈ ልጅ ስልኩ ሲጠራ «አጥፋ!» ብዬ ብጮህ ምን አስተማርኩት?

በክፍሌ የምናደርገው

ካለፈው ተርም ጀምሮ የምንሠራበትን ልንገራችሁ። በበሩ አጠገብ የሳንቃ መደርደሪያ አለ። ሁሉም ስልኩን ድምፁንም ንዝረቱንም ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣል። አይጠፋም። መምህሩም ያስቀምጣል፤ ይህ የግድ ነው፣ ምክንያቱም በስብሰባው ላይ አፍረን ያላነሳነው ነገር ቢኖር በትምህርት መሀል ብዙ የሚያወሩት መምህራን መሆናቸው ነው። ከመደርደሪያው አጠገብ ያለው ወንበር የተረኛ ነው፤ ተረኛው በየሳምንቱ ይለወጣል። ጠዋት ሲገባ «ዛሬ ጥሪ እጠብቃለሁ» የሚል ተማሪ ለተረኛው ይነግራል። ከየት እንደሆነ አይጠየቅም።

ለቤተሰብም አንድ ነገር አስተላልፈናል፦ አስቸኳይ ከሆነ ተከታትላችሁ ሁለት ጊዜ ደውሉ። ተረኛው አንድ ጊዜ የበራውን ስልክ ይተወዋል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከበራ፣ ወይም የሚጠበቅ ጥሪ ከሆነ፣ ስልኩን ይዞ የባለቤቱን ትከሻ ነካ ያደርጋል። ባለቤቱ ሳይናገር ይወጣል፤ የሚያነሳው ከግራሩ ሥር ደርሶ ነው፣ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ስልኩ የጎረቤትም ከሆነ ወስዶ የማድረስ ፈቃድ አለው፤ እንደ ቀረ አይቆጠርበትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ትርምስ ነበር። ሁሉም ጥሪ «አስቸኳይ» ሆነ፤ አንድ ልጅ ጓደኛውን ሁለት ጊዜ እንዲደውልለት አስተባብሮ ኳስ ሊጫወት ወጣ። ክፍሉ ራሱ ተሰብስቦ ቀጣው፤ ለሁለት ሳምንት ውሃ ቀጂ አደረጉት። አሁን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሰው ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን ማንም አይወጣም።

ያልፈታነውም አለ። ቻርጅ የሚደረገው በትምህርት ቤቱ ሶላር ስለሆነ ተማሪ ያልሆነ ሰው ሁሉ ስልኩን በልጆቹ እጅ ይልካል፤ መደርደሪያው ላይ ከተማሪው ቁጥር በላይ ስልክ የሚገኝበት ቀን አለ። ባለፈው ማክሰኞ ተረኛዋ ሁለት ጊዜ የበራ ስልክ ይዛ ክፍሉን ዞራ ባለቤት አጣች፤ በኋላ የአንዲት የሰፈር እናት ሆኖ ተገኘና አንድ ልጅ ይዞት ወደ ድንኳኖቹ ሮጠ። በፈተና ቀን ደግሞ መደርደሪያው ከክፍሉ ውጭ ይሁን የሚሉ መምህራን አሉ፤ ኩረጃን ፈርተው ነው፣ እውነት አላቸው። የሱዳን መንግሥት እንኳ ከ2020 እስከ 2022 ለሁለተኛ ደረጃ ፈተና ብሎ የአገሩን የሞባይል ኢንተርኔት በየቀኑ ለሰዓታት ይዘጋ ነበር። እኛ አገር ባንዘጋም፣ ተረኛውን ከመደርደሪያው ጋር በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ተረኛው ራሱ ተፈታኝ ነው።

የተረኞች ዝርዝር በክፍሌ በር ላይ ተለጥፏል፤ ናሙና የሚፈልግ መምህር መጥቶ ይገልብጥ። የቻርጁና የፈተናው ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ ይነሳ።